ፈቃዱ የአብራሪው ነው ወይስ የአውሮፕላኑ?

አሜሪካ ውስጥ ሠልጥኖ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያወጣ ሰው፣ ጭራው ላይ «ኤን» የሚለው የአሜሪካ ምዝገባ ምልክት ያለበትን ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ አትላንቲክን ቢሻገር፣ አውሮፓን ቢያቋርጥ፣ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል ወርዶ አዲስ አበባ ቢያርፍ፣ አገሮቹ የመግቢያ ፈቃድ እስከሰጡት ድረስ የአብራሪነት ወረቀቱን አናውቀውም የሚለው መንግሥት የለም ማለት ይቻላል። ይኸው ሰው በመንገደኛ አውሮፕላን ናይሮቢ ገብቶ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከቆሙት ሴስና 172 አውሮፕላኖች አንዷን ለግማሽ ቀን ልከራይ ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አውሮፕላኗ የተማረባት ዓይነት ናት። መሪዋ፣ ፔዳሎቿ፣ የነዳጅ መክፈቻዋ፣ የምታርፍበት ፍጥነት ሁሉ እሱ በሚያውቀው ልክ ነው። ሆኖም ጭራዋ ላይ ያለው የኬንያ ምልክት ስለሆነ፣ የኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን ሳያጸድቅለት ብቻውን ከመሬት ሊያነሳት አይችልም። አህጉር አቋርጦ ለመምጣት የበቃ ችሎታ ከተማዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመመለስ አልበቃም።

ይህ አሠራር ሊለወጥ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ በቀን ብርሃን፣ መሬት እየታየ በሚደረግ በረራ ላይ አገሮች አንዱ የሌላውን የግል አብራሪ ፈቃድ ሊቀበሉ ይገባል። ከእንግዳው አብራሪ የሚጠየቀውም የአካባቢውን ሕግ ማወቁን የሚያሳይ አጭር ፈተናና ከአገሩ አስተማሪ ጋር የሚደረግ አንድ የመፈተሻ በረራ መሆን አለበት። በምላሹ ደግሞ፣ ፈቃዱ ዛሬ የጸና ይሁን የወደቀ ማንኛውም ባለሥልጣን ወዲያውኑ ሊያረጋግጥ የሚችልበት የጋራ መዝገብ ያስፈልጋል። ሁለቱን ነጣጥዬ አላያቸውም። መዝገብ የሌለው መቀበል አደገኛ ነው፤ መቀበል የሌለበት መዝገብም ከወረቀት ማብዣነት አያልፍም።

የነገሩ ሥር ያለው ቺካጎ ላይ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1944 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 33 አንድ አገር የሰጠውን የአብራሪ ፈቃድ ሌሎቹ እንዲቀበሉ ያዛል። ቅድመ ሁኔታው ፈቃዱ የተሰጠበት መስፈርት በስምምነቱ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ አለማነሱ ነው። ነገር ግን ግዴታው የሚጸናው ፈቃዱን የሰጠው ወይም ያጸደቀው አገር አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ ላይ አንቀጽ 32 ማንኛውም አገር የራሱ ዜጋ ከውጭ ያወጣውን ፈቃድ በራሱ ሰማይ ላይ ላለመቀበል መብት ይሰጠዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ቺካጎ የተሰበሰቡት መልእክተኞች ዋና ጭንቀታቸው የመንግሥታት ሉዓላዊነትና የአየር መንገዶች የበረራ መብት ነበር። አውሮፕላኑን እንደ መርከብ በባንዲራው ለዩት፤ አብራሪውንም ከባንዲራው ጋር አሰሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ግን መብቱን ለሾፌሩ ሰጠው። በዚያ ስምምነት መሠረት የአገሩን መንጃ ፈቃድ የያዘ እንግዳ የሌላ አገር ታርጋ ያለው መኪና ተከራይቶ ይነዳል። ትናንሽ አውሮፕላኖችን የሚያበሩ ሰዎች ዛሬ የሚደርስባቸው እንግልት በአብዛኛው ከዚህ የ1944 ምርጫ የመጣ ነው።

የሚገርመው፣ ለመቀበል የሚያስፈልገው መሠረት ከተጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የስምምነቱ አባሪ 1 ለግል አብራሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዘረዝራል። ዕድሜው ከ17 ዓመት የማያንስ፣ 40 ሰዓት የበረረ፣ ከዚህም ውስጥ 10 ሰዓቱን አስተማሪ ሳይኖር ብቻውን ያበረረ መሆን አለበት። ብቻውን ካበረረባቸው ሰዓታት አምስቱ አገር አቋራጭ ይሆናሉ፤ አንዱ ጉዞ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና በመንገዱ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ የሚያርፍበት ነው። አሜሪካ የምትጠይቀው 40 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ኅብረትና ካናዳ 45 ይላሉ። አውሮፓ ሠልጣኙን በዘጠኝ የንድፈ ሐሳብ ትምህርቶች ትፈትናለች፤ አሜሪካ በአንድ የጽሑፍ ፈተና አጠቃልላ፣ ከዚያ ከመብረሩ በፊት ፈታኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ረጅም የቃል ጥያቄ እንዲጠይቀው ታደርጋለች። ልዩነት አለ። ነገር ግን ሰውን ከነሙሉ ልምዱ ወደ ጀማሪ ወንበር የሚመልስ ልዩነት አይደለም። የበረራ ፊዚክስ ድንበር አያውቅም፤ ክንፍ የአየር ጉልበት የሚያጣበት ማዕዘን ሞንትሪያልም ሞምባሳም ላይ አንድ ነው።

በተግባር ግን እያንዳንዱ በር በተለያየ ቁመት ተሠርቷል። ከሁሉ ዝቅ ያለው የአሜሪካው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሌላ አገር የግል ፈቃድ ላለው ሰው፣ ፈቃዱን የሰጠው አገር እውነተኛነቱን በደብዳቤ ካረጋገጠለትና እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ የሚናገርና የሚረዳ ከሆነ፣ ያንኑ ፈቃድ መሠረት ያደረገ የአሜሪካ ፈቃድ ይሰጠዋል። አዲስ የበረራ ፈተና አይጠይቀውም፤ ኃላፊ አብራሪ ሆኖ ከመብረሩ በፊት ግን ማንኛውም አሜሪካዊ በየ24 ወሩ የሚያደርገውን ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የበረራ ግምገማ ማድረግ አለበት። አሜሪካና ካናዳ ከ2006 ጀምሮ በተስማሙበት አሠራር ደግሞ የአንዱ ፈቃድ ያለው ሰው በዋናነት የአየር ሕግ ፈተና ወስዶ የሌላውን ያገኛል። አውሮፓ የተለየ መንገድ መረጠች። ከኅብረቱ ውጭ የተሰጠ የግል ፈቃድ ወደ አውሮፓ ፈቃድ እንዲለወጥ በአጠቃላይ ደንቡ ቢያንስ 100 የበረራ ሰዓት፣ የአየር ሕግና የሰው ልጅ ብቃት የሚባሉ ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎች፣ የበረራ ፈተና፣ የሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀትና የቋንቋ ማረጋገጫ ያስፈልጋሉ። ፈተናዎቹን አልቃወምም። 100 ሰዓቱን ግን ለመረዳት ይከብደኛል፤ አውሮፓ ለራሷ ልጆች በ45 ሰዓት ፈቃድ እየሰጠች ከውጭ የመጣውን ከእጥፍ በላይ የምትጠይቀው ችሎታውን ስለመዘነች ሳይሆን ስላልመዘነች ነው። ለአሜሪካ ፈቃድ ያዦች ይህ የቀለለው ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው በ2021 ሥራ ላይ ባዋሉት የተለየ አሠራር ነው። ተደራዳሪ የሌለው አገር ፈቃድ ያዥ በአጠቃላይ ደንቡ ይዳኛል።

ፈቃድ ከችሎታ ተለይቶ በፖለቲካ ሲወድቅ ለማየት የብሪታንያን ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት መመልከት ይበቃል። እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሌሊት ድረስ በብሪታንያ የተሰጠ ፈቃድ በጀርመንም በፖርቱጋልም የተመዘገበ አውሮፕላን ለማብረር ይበቃ ነበር። በማግስቱ አልበቃም። በመካከሉ ማንም አብራሪ ማረፍ አልረሳም፣ ማንም አስተማሪ የሥልጠና መጽሐፉን አልቀየረም። ብዙ ብሪታንያውያን አብራሪዎች ይህ እንደሚመጣ አውቀው፣ የሰጪ አገር ለውጥ በሚባለው አሠራር ፈቃዳቸውን ቀደም ብለው ወደ አየርላንድ፣ ወደ ኦስትሪያና ወደ ሌሎች አባል አገሮች አዛወሩ። ያልቸኮሉት ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት የሕክምና መዝገብና ሁለት የማደሻ ቀን ለመከተል ተገደዱ። ብሪታንያ በበኩሏ የአውሮፓን ፈቃዶች ለሁለት ዓመት ተቀብላ ከቆየች በኋላ እሷም በሯን ዘጋች። ከዚህ ሁሉ የተገኘ አንድም የደኅንነት ጥቅም ሊጠቅስልኝ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ላይ በአውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች በአሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን በአሜሪካ ፈቃድ ብቻ ማብረራቸው ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ሲራዘም የቆየው ቀነ ገደብ በጁን 2022 አብቅቶ የአውሮፓውንም ፈቃድ እንዲይዙ ግድ ሆኗል። የሕክምናውም ነገር ከዚህ አይሻልም። አሜሪካ በ2017 ያስጀመረችው ቀላል የሕክምና አሠራር አብራሪው መንጃ ፈቃድ ይዞ፣ በየአራት ዓመቱ በማንኛውም ሐኪም ታይቶ እንዲበር ይፈቅዳል፤ ድንበር ሲሻገር ግን ከጥቂት አገሮች በቀር የሚቀበለው የለም። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በግል ማብረር ይችላል፤ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ግን ያ ሰው ከነጭራሹ ብቁ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ልብና ዓይን ሁለት አገሮች ሁለት ፍርድ ሲሰጡ ቢያንስ አንዳቸው ማስረጃውን በደንብ አላዩትም።

ለኔ ሐሳብ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ግን የኤሚሊያኖ ሳላ አሟሟት ነው፤ አልፌው ልሄድ አልፈልግም። አርጀንቲናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ በተዛወረ ሰሞን፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ምሽት፣ ከናንት የተነሳችው ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ ገርንዚ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀች። አብራሪውም ተጫዋቹም ሞቱ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በማርች 2020 ባወጡት ዘገባ እንደተገለጸው አብራሪው በእጅ እያበረረ ሳለ አውሮፕላኗን መቆጣጠር አቃተው፤ ከጭስ ማውጫው ወደ ውስጥ የገባ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሳይመርዘው አልቀረም። ወረቀቱ ሲታይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ወጣ። አውሮፕላኗ የአሜሪካ ምዝገባ ነበራት። አብራሪው የያዘው የአሜሪካ ፈቃድ ከላይ በገለጽኩት መንገድ በብሪታንያው ፈቃዱ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ስለዚህም የብሪታንያው ፈቃድ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ነው። የብሪታንያው ፈቃድ ላይ የነበረው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የማብረር መብት በኖቬምበር 2018 ጊዜው አልፎ ነበር። የሌሊት በረራ መብት አልነበረውም፤ በረራው ግን በጨለማ ነበር። የግል አብራሪ ደግሞ መንገደኛ በክፍያ ማጓጓዝ አይችልም። በረራውን ያዘጋጀው ሰው በ2021 የአውሮፕላንን ደኅንነት አደጋ ላይ በመጣል ጥፋተኛ ተብሎ 18 ወር ተፈርዶበታል።

ይህን ታሪክ የሰማ አንባቢ፣ አንዱ የሌላውን ፈቃድ መቀበሉ ያመጣው መዘዝ ይኸው ነው ቢል አልፈርድበትም። የአሜሪካው በር ባይከፈት ኖሮ ሰውየው ያቺን አውሮፕላን በሕጋዊ መልክ ሊቀርባት አይችልም ነበር ይባል ይሆናል። እኔ ግን ዘገባውን የማነበው በሌላ መልኩ ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣን የብሪታንያውን ፈቃድ ያረጋገጠው ሰነዱን በሰጠበት ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በብሪታንያ በኩል አንድ መብት ሲወድቅ አሜሪካ የምታውቅበት መንገድ የለም፤ በፈረንሳይ መንደርደሪያ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪም ሦስት አገሮች የተነካኩበትን ወረቀት አንብቦ የጸና መሆኑን ሊለይ አይችልም። ፈቃዱ በፈቃድ ላይ ተደርቧል፣ የታችኛው መበስበሱን ግን የላይኛው አይናገርም። ሕግ ለመጣስ የቆረጠን ሰው መዝገብ ብቻውን አያስቆመውም፤ ይህን አምናለሁ። ቢሆንም ፈቃዱ እንደወደቀ በአንድ ፍለጋ የሚታይ ቢሆን ኖሮ መድን ሰጪው፣ የአውሮፕላኗ ባለቤት፣ ተጫዋቹን የገዛው ክለብ፣ ማንም መጠየቅ ቢፈልግ መልስ ያገኝ ነበር። የጎደለው በሮችን የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው። ይህ ደግሞ ቴክኒካዊ ቅዠት አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መልክ የሚሰጥ ፈቃድን በአባሪ 1 ደንቡ ውስጥ አስገብቷል።

ሌላው ተቃውሞ የሐሰት ወረቀት ነው። በጁን 2020 የፓኪስታን የአቪዬሽን ሚኒስትር ለምክር ቤት ሲናገሩ ከአገሪቱ 860 አብራሪዎች የ262ቱ ፈቃድ አጠራጣሪ ነው አሉ። ቁጥሩ በኋላ ብዙ አከራከረ፣ የብዙዎቹም ስም ጸዳ፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን የአገሪቱን ብሔራዊ አየር መንገድ በቀናት ውስጥ አግዶ እገዳውን ያነሳው በ2024 መጨረሻ ነው። እነዚህ የአየር መንገድ አብራሪዎች ናቸው እንጂ የግል አይደሉም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሠራል። አንድ ባለሥልጣን ፈተናውን በሐቅ ካልሰጠ ወረቀቱን የተቀበለ ሁሉ ይጎዳል። ለዚህ መልሴ ከአገሩ አስተማሪ ጋር የሚደረገው የመፈተሻ በረራ ነው። ማብረር የማይችል ሰው ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር ባዶውን የሚቀረው እዚያ ነው። መሬት ሳይነካ ዞሮ ለመመለስ፣ ሞተር የጠፋ አስመስሎ ማረፊያ ለመምረጥ፣ በዝግታ በረራ ከፍታውን ጠብቆ ለመቆየት ሲታዘዝ ወረቀቱ የሚነግረውና እጁ የሚያደርገው ይለያያሉ። አሁን ያለው አሠራር ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱን በወረቀት ይመረምራል።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ሰማይ ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የሙቀት መጠኑ 24 ዲግሪ በሚደርስበት እኩለ ቀን አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ክንፉና ሞተሩ ከ3,000 ሜትር በላይ እንዳሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዲት ሴስና 172 መውጣት የምትችለው የመጨረሻ ከፍታ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ብዙም አያልፍም። ማያሚ ወይም ሂውስተን የተማረ ሰው የነዳጅና የአየር መመጠኛውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መነሳት ለምዷል፤ እዚህ እንደዚያ ካደረገ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈንና የቀረችውን ጉልበት ያጣል። የፍጥነት መለኪያው የለመደውን ቁጥር እያሳየው መሬቱ ግን ከለመደው በላይ ይፈጥንበታል፣ መንደርደሪያው ሳያስበው ያልቅበታል፣ ተነስቶም በእንጦጦ አቅጣጫ ቢታጠፍ ተራራው እሱ ከሚወጣው በላይ ይወጣበታል። ስለዚህ የውጭ ፈቃድ እዚህ ለመብረር ብቻውን አይበቃም የሚል ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን ለዚህ ጉድለት መድኃኒቱ የማያገናኝ ፈተና ደግሞ ማስፈተን፣ ወይም የበረራ ሰዓት መቁጠር አይደለም። 500 ሰዓት በባሕር ዳርቻ የበረረም ይህን አያውቅም። መድኃኒቱ የደጋውን አየር ከሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አስተማሪ ጋር ሁለት ሰዓት መብረር ነው። አደጋው የት እንዳለ ለይቶ እሱን መፈተሽ፣ የቀረውን ማመን፣ እኔ የምለው ይህን ነው።

የጸጥታ ስጋት የሚያነሱም አሉ፤ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ይህን ማቃለል አይቻልም። አሜሪካ ራሷ የውጭ ዜጎች የበረራ ሥልጠና ከመጀመራቸው በፊት በትራንስፖርት ጸጥታ አስተዳደሯ በኩል ማንነታቸው እንዲጣራ ታደርጋለች። ያም ሆኖ የውጭ ፈቃድን የምትቀበልበትን በር አልዘጋችም። ማን እንደሆነ ማጣራትና ማብረር ይችል እንደሆነ መፈተን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የጸጥታ ባለሙያ የመጀመሪያውን ይሥራ፣ የበረራ ባለሙያ ሁለተኛውን። 45 ሰዓት እንደገና ያስተማርነው ሰው በዚያ ምክንያት የበለጠ ታማኝ አይሆንልንም።

ሉዓላዊነትስ? እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው የቺካጎው ስምምነት የመጀመሪያው አንቀጽ ይናገራል። የአውሮፓ ኅብረት አባላት ከኖርዌይ፣ ከአይስላንድ፣ ከስዊዘርላንድና ከሊክተንስታይን ጋር በጠቅላላው 31 አገሮች ናቸው፤ አንዱ የሰጠው ፈቃድ በሁሉም ይሠራል፣ የማንም ባንዲራ ግን አልወረደም። አባሪ 1 ራሱ የጋራ የፈቃድ ደንብ ያላቸውና በመካከላቸው መደበኛ ስምምነት የፈረሙ አገሮች የአንዱን ፈቃድ ሌላው በራሱ እንደጸና እንዲቆጥረው የሚፈቅድ ድንጋጌ አለው። መሣሪያው ተዘጋጅቶ የሚያነሳው ነው የጠፋው። በአህጉራችን ከ1999 የያሙሱክሮ ውሳኔ ጀምሮ፣ በጃንዋሪ 2018ም እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ አንድ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ሲመረቅ፣ ስለ አየር መንገዶች መብት ብዙ ተብሏል። ስለ አብራሪው ፈቃድ የተባለው ጥቂት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ኢንቴቤ ላይ የጋራ የአቪዬሽን ደኅንነት ተቋም አቁመው ደንቦቻቸውን ለማቀራረብ ሠርተዋል፤ ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል ባትሆንም ከጎረቤቶቿ ጋር መነጋገር የሚከለክላት ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ተቃውሞ ግን ይህ የሀብታም መዝናኛ ነው፣ ዳቦ በተወደደበት አገር ጋዜጣ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግል አውሮፕላን የሚዝናና ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ለእሱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የግል ፈቃድ ግን የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ብዙዎቹ የአየር መንገድ ካፒቴኖች፣ የሕሙማን ማመላለሻ አብራሪዎች፣ ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጩና መሬት ከአየር የሚያነሱ ባለሙያዎች በዚያ አልፈዋል። በ2020 የበረሃ አንበጣ ማሳችንን ሲወር ትንንሽ አውሮፕላንና አብራሪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ዋሽንግተንና ዳላስ አካባቢ ካሉ ትናንሽ ማረፊያዎች በገዛ ገንዘቡ የግል ፈቃድ ያወጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ወደ አገሩ መጥቶ ሰዓቱን እዚህ ቢጨምር፣ አስተማሪ ሆኖ ሌላ ቢያሠለጥን፣ የምንጠቀመው እኛ ነን። መንገዱ ግልጽ ካልሆነለት ግን ሰዓቱንም ገንዘቡንም በሠለጠነበት አገር ይጨርሳል።

ደግሞም የኢትዮጵያ በረራ ራሱ የተወለደው የሌላውን ችሎታ በማመን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 1945 ሲቋቋምና በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹ ቲደብሊውኤ ከተባለው አየር መንገድ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በ1957 ነው። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያ የውጭ አብራሪ ሁሉ ከሀ ጀምሮ እንዲማር ብትጠይቅ አየር መንገድ አይኖራትም ነበር። ዛሬም አየር መንገዶች፣ በተለይ የባሕረ ሰላጤው ግዙፍ አየር መንገዶች፣ ከየአገሩ አብራሪ ይቀጥራሉ፤ የቅጥር ክፍላቸው ጉዳዩን ተከታትሎ ፈቃዱን ያስጸድቃል ወይም ያስለውጣል። ይህም ማለት የውጭ ፈቃድን መመርመርም መቀበልም የሚቻል መሆኑ ታውቋል። ለግለሰቡ በሩ የሚከብደው ጉዳይ አስፈጻሚ ስለሌለው ነው። መቶ መንገደኛ ይዞ ለሚበረው የተገኘ መላ፣ ራሱንና ሁለት ጓደኞቹን ይዞ በቀን ለሚበረው የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናችን የምጠብቀው ትልቅ አዋጅ አይደለም። የውጭ የግል ፈቃድ ያለው ሰው በኢትዮጵያ የተመዘገበ ትንሽ አውሮፕላን በቀን ለማብረር ምን ማሟላት እንዳለበት፣ የት እንደሚያመለክት፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚከፍል በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ በይፋ ይውጣ። ፈተናው ስለ አገራችን የአየር ክልል፣ ስለ ተከለከሉ ቦታዎችና ስለ ድንበር አካባቢ በረራ ይሁን። የመፈተሻ በረራው የደጋ መነሳትንና ማረፍን፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው ጋር ሲገጥም ወዴት መመለስ እንደሚገባ ያካትት። ፈቃዱን የሰጠው አገር በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ብቻውን አይብረር፤ ከዚያ በኋላም የሚሰጠው ማጽደቂያ ከመጀመሪያው ፈቃድና ከሕክምናው ምስክር ወረቀት ዕድሜ አይለፍ፣ የማለቂያ ቀኑም ፊቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። መጀመሪያ ከአሜሪካና ከኬንያ ጋር ቢጀመር ይበቃል፤ አንደኛዋ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች በውጭ የሚሠለጥኑባት አገር ስለሆነች፣ ሁለተኛዋ በአካባቢያችን የትንንሽ አውሮፕላን በረራ በሰፊው የሚካሄድባት ስለሆነች። የሁለቱም ባለሥልጣናት ለሌሎች አገሮች የማረጋገጫ ደብዳቤ መጻፍ የለመዱት ሥራ ነው፤ እኛም ለእነሱ የምንጽፍበትን የጊዜ ገደብ በዚያው አንድ ገጽ ላይ እናስቀምጥ።